ሰው ይቅደም ባዮች ይመስገኑ

ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ዳኞች አሉን። ጎረቤት ውሻውን በዱላ ሲቀጠቅጥ በመስኮት ብቅ ይላሉ። ያያሉ፣ ይመዝናሉ፣ ይፈርዳሉ፦ «ውሻ ነው እኮ!» ፋይሉ ተዘጋ፤ ይግባኝ የለም። እውነተኛው ፍርድ ቤት በዚህ ፍጥነት ቀጠሮ እንኳ አይሰጥም። ጎሽ!

እንስሳ ለሚያሠቃይ ሰው ቅጣቱ ይጠንክር የሚል ሲነሣ ደግሞ አንጀታቸው ለሰው ልጅ ይላወሳል። «ሰው እየተራበ ስለ ድመት ታወራለህ?» ይላሉ። የተራበ ሲያበሉ ስለሚውሉ ለድመት ጊዜ የላቸውም። የት እንደሚያበሉ ብቻ አትጠይቁ። ትሑቶች ስለሆኑ ሲያበሉ ያያቸው የለም።

ለእንዲህ ዓይነቱ ልብ የሚመቸው በእንስሳት ላይ ጭካኔን የሚከለክለው የሕንድ ሕግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ሲወጣ ለመጀመሪያ ጥፋት የቆረጠው መቀጮ ቢበዛ 50 ሩፒ ነበር። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ንቅንቅ አላለም። 50 ሩፒ ዛሬ አንድ ዶላር አይሞላም። ሁሉ ነገር በተወደደበት ዓለም ዋጋው ያልጨመረ ነገር ማግኘት ቀላል ነው እንዴ?

የአሜሪካው የፌዴራል ወንጀል ምርመራ ቢሮ፣ ኤፍቢአይ፣ ግን ነገር ፈላጊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ በእንስሳት ላይ የሚፈጸም ጭካኔን ራሱን የቻለ ወንጀል አድርጎ ይመዘግባል። እንስሳ የሚያሠቃይ እጅ ብዙ ጊዜ ሚስትና ልጅም ላይ ያርፋል ባይ ነው። ሰው ይቅደም ባዮቻችን እዚህ ላይ ያጨበጭባሉ ብዬ ነበር። የለም፤ ለዚህም ፍርድ አላቸው፦ «የቤተሰብ ጉዳይ ነው።»

(ዱላውን በስልክ ቀርጸው የሚያለቅስ ኢሞጂ የሚለጥፉትን አልረሳኋቸውም። ለእነሱ ሌላ ዓምድ ያስፈልጋል።)

ከኤፍቢአይም የባሱት እንግሊዞች ናቸው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ ከፍተኛው ቅጣት የ6 ወር እስራት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 ብድግ ብለው 5 ዓመት አደረጉት። አልበቃቸው ብሎ ፍርድ ቤቱ ጥፋተኛውን ከእንግዲህ እንስሳ እንዳትይዝ ሊለው ይችላል። እንዴት ያለ ጭካኔ ነው! እንዲህ ዓይነት ክልከላ በሌለበት አገር ሰውየው መቀጮውን ከፍሎ፣ ያንኑ ውሻ በገመድ እየጎተተ ቤቱ ይገባል። ውሻውም ጭራውን እየቆላ ይከተለዋል። ክስ አይመሠርት፣ ምስክር አይቆጥር፣ ካሳ አይጠይቅ። እንዲህ ያለ ምቹ ተበዳይ እያለ ሕግ ማጠንከር ምን የሚሉት ቅብጠት ነው?