የትብብር ደብዳቤ የሥነ ምግባር ፈቃድ አይደለም

የመመረቂያ ጽሑፍ ወቅት ሲደርስ ከየዩኒቨርሲቲው ትምህርት ክፍሎች አንድ ዓይነት ደብዳቤ በብዛት ይወጣል። ተማሪው ለጥናቱ መረጃ ስለሚሰበስብ «አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግለት» የሚጠይቅ፣ ማኅተም ያረፈበት አንድ ገጽ ነው። ተማሪው ይዞት ወደ ወረዳው ወይም ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳል፣ ኃላፊው ይመሩበታል፣ በማግስቱ መጠይቁ መበተን ይጀምራል። በጤና ሳይንስ ኮሌጆች ማንም ተማሪ ጥናቱ የሚጠኑትን ሰዎች እንዳይጎዳ በሥነ ምግባር ኮሚቴ ሳይገመገም ወደ መስክ እንደማይወጣ የታወቀ ነው። በትምህርት፣ በማኅበራዊ ሳይንስ፣ በቢዝነስና በኢንጂነሪንግ ክፍሎች ግን «ይህ ሥራ የሥነ ምግባር ግምገማ ያስፈልገው ይሆን?» የሚለው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ሳይነሳ ያልፋል፤ ደብዳቤው የመለሰው ይመስለናልና።

ደብዳቤው ግን መሥሪያ ቤት ለመሥሪያ ቤት የሚጽፈው ነው። የቢሮ በር ያስከፍታል እንጂ ስለሚጠየቀው ሰው ፈቃድ የሚለው ነገር የለም። እንዲያውም ፈቃዱን ሊያጠብበት ይችላል። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከአረብ አገር የተመለሱ ሴቶችን የሚያነጋግር ተማሪ አማክር ነበር፤ የትብብር ደብዳቤው እንዲጻፍለት የጠየቅኩትም እኔ ነኝ። ተማሪው ሴቶቹን ያገኘው በቀበሌ በኩል ነበር። በኋላ የቃለ መጠይቁን ግልባጭ ሳነብ አንዷ ገና ከመጀመሯ በፊት «ለመቋቋሚያው ብድር ነው የምትመዘግቡን?» ብላ መጠየቋን አየሁ። ተማሪው «አይደለም» ብሎ ወደሚቀጥለው ጥያቄ አልፏል፤ እሷም ስለ አሠሪዎቿ፣ ስለተከለከለችው ደመወዝ፣ ለቤተሰቧ እንኳ አልነገርኩም ስላለችው ነገር ሁሉ ተናግራለች። የጠራት ቀበሌ ነውና «አይደለም» የሚለውን ስለማመኗ እጠራጠራለሁ። ብትናገርም ባትናገርም ብድሩን እንደማይነካባት፣ መሐል ላይ ተነሥታ መሄድ እንደምትችል የነገራት አልነበረም። ተማሪው ቅን ልጅ ነበር፤ ያጠፋነው እኔና አሠራራችን ነን።

የትኛው ሥራ መገምገም እንዳለበት ለመለየት ሁለት ጥያቄዎችን በቅደም ተከተል ማንሳት ይጠቅማል። በሰው ላይ የሚደረግ ምርምርን የሚገዛው የአሜሪካ የፌዴራል ደንብም የሚጀምረው ከእነዚሁ ነው። አላባማ ውስጥ በቱስኪጊ ከ1932 እስከ 1972 እ.ኤ.አ. ቂጥኝ የያዛቸው ጥቁር ገበሬዎች ሕክምና ተነፍጓቸው እንዲጠኑ የተደረገበት ግፍ ሲጋለጥ፣ በ1974 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ግምገማን ግዴታ አደረገ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሥራው በሥርዓት የሚካሄድና ከአንድ ቦታ አልፎ ለሌላም የሚሆን ዕውቀት ለማስገኘት የታቀደ ነው ወይ የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ አጥኚው በሕይወት ካለ ሰው፣ ስለዚያው ሰው መረጃ ያገኛል ወይ፣ ወይም ማንነቱን የሚገልጽ የግል መረጃውን ይጠቀማል ወይ ይላል።

ቁልፉ «ስለዚያው ሰው» የሚለው ነው። የመንገድ ባለሥልጣን መሐንዲስን በዚህ ዓመት ስንት ኪሎ ሜትር አስፋልት እንደተነጠፈ የሚጠይቅ ተማሪ የሚያጠናው መንገዱን ነው፤ ግምገማ አያስፈልገውም። ያንኑ መሐንዲስ በሥራው ጉቦ ተጠይቆ እንደሆነ ከጠየቀው ግን ጥናቱ ስለ ሰውየው ሆነ፤ መልሱ ከእንጀራው ሊያፈናቅለው ይችላል። የታካሚዎችን ካርድ ብቻ የሚያገላብጥ ተማሪ «ሰው አላነጋገርኩም» ይላል፤ ካርዱ ላይ ግን ስምና የኤችአይቪ ውጤት አብረው ተጽፈዋል። የቴሌግራም ቡድን ውይይት የሚሰበስብም፣ የሠራውን መተግበሪያ በሰዎች ላይ የሚሞክርም ራሱን ከጥያቄው ውጭ ማድረግ አይችልም።

የክፍል ልምምድስ? መጠይቅ አዘገጃጀትን ለመማር ብቻ የሚሠራ፣ ከክፍሉ የማይወጣ የቤት ሥራ በአብዛኛው ምርምር አይባልም። ሆኖም ተማሪው ውጤቱ አምሮለት «በመጽሔት ላውጣው» ሲል ወደ ኋላ ተመልሶ ፈቃድ ማግኘት አይቻልም፤ ግምገማ ሰው ከመነካቱ በፊት የሚደረግ ነገር ነውና። በእኔ እምነት የተደፈረች ልጅን ታሪክ የሚያስተርክ የቤት ሥራ ምርምር ባይባልም እንኳ ለጀማሪ ተማሪ መሰጠት የለበትም።

ዋናው ነገር ውሳኔው የማን ነው የሚለው ነው። ተማሪው ጽሑፉን የሚከላከልበት ቀን ደርሶበታል፤ አማካሪው ብዙ ተማሪ ይዟል፤ ሁለቱም «አያስፈልግም» የሚለው መልስ ይጠቅማቸዋል። ስለዚህ ወሳኙ ከሥራው ጥቅም የሌለው ሦስተኛ ሰው ሊሆን ይገባል። የገምጋሚ ኮሚቴዎች መዘግየት ተማሪን ወራት እንደሚያስጠብቅ የሚያማርሩ ባልደረቦቼ እውነት አላቸው፤ እኔም በዚህ ተቃጥያለሁ። ነገር ግን የምጠይቀው ሁሉም ሥራ በሙሉ ኮሚቴ እንዲታይ አይደለም። በየኮሌጁ አንድ የኮሚቴ አባል በአንድ ገጽ ቅጽ ላይ ተመሥርቶ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጽሑፍ መልስ ይስጥ። «ግምገማ አያስፈልገውም» የሚለውም ተፈርሞ ፋይል ውስጥ ይቀመጥ። ያን ጊዜ የመንገዱ ጥናት ኮሚቴ ሳይጠብቅ ያልፋል፤ ኮሚቴውም ጊዜውን ለከባዱ ያውላል። በ2014 እ.ኤ.አ. የታተመ ብሔራዊ የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ መመሪያ አለን፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። የጎደለው ተማሪው ደብዳቤውን ከመውሰዱ በፊት የሚሞላው ያ አንድ ገጽ ነው።

በቅጹ መጀመሪያ ላይ እንዲሰፍር የምፈልገው ጥያቄም «የምታነጋግራቸውን ሰዎች የምታገኘው በማን በኩል ነው?» የሚል ነው። ያኔ ቢጠየቅ ኖሮ ተማሪዬ «በቀበሌ» ብሎ ይጽፍ ነበር፤ ያነበበው ሰውም ሴቶቹን በሌላ መንገድ እንዲፈልጋቸው ይመልሰው ነበር።