የብብቷን የጣለችው ሴት ጄኔራል ትሁን

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን የጣለችውን ሴት ስንት ዘመን ሲያፌዙባት ኖሩ! ምስኪን፣ ያለ ጊዜዋ ተወልዳ ነው እንጂ ዛሬ ብትኖር የጦር እቅድ መምሪያ ኃላፊ በሆነች ነበር። የብብቱ ካርታና ኮምፓስ ነው። የቆጡ ደግሞ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ እየዞረ ቦታና ሰዓት የሚነግረው የጂፒኤስ ሳተላይት። ታላላቆቹ የዓለም ጦሮች መድፋቸውን፣ ድሮናቸውን፣ መርከባቸውን፣ የሬዲዮአቸውን ሰዓት ሳይቀር እዚያው ቆጥ ላይ ሰቅለው የብብታቸውን በደስታ ለቀዋል። እጃቸው ይባረክ።

ቆጡ እንዴት ያለ ጠንካራ እንደሆነ ቀረብ ብሎ ማየት ነው። ከሳተላይቱ የሚለቀቀው የሲቪል ምልክት ጉልበቱ ከመብራት አምፖል ብዙ አይበልጥም። መሬት ሲደርስ የአንድ ዋት 10 ሺህ ትሪሊዮንኛ ገደማ ሆኗል፤ መቀበያው ራሱ ከሚፈጥረው የኤሌክትሮኒክስ ጫጫታ በታች። መቀበያው ሊለየው የሚችለው ኮዱን አስቀድሞ ስለሚያውቅ ብቻ ነው። እንግዲህ የሬዲዮ ጉልበት በርቀቱ ካሬ ልክ ይደክማል። አንድ ዋት ብቻ የሚረጭ ማፈኛ፣ ማለትም ምልክቱን በሬዲዮ ጫጫታ የሚውጥ መሣሪያ፣ ከመቀበያው 10 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ተራራ ሳይጋርደው ቢተከል፣ ከሳተላይቱ 2,000 ጊዜ ቀረበ ማለት ነው፤ በጉልበት ሲሰላ 4 ሚሊዮን እጥፍ። ሳተላይቱ ጨረሩን ሰብስቦ ወደ ምድር ስለሚልክ ከልዩነቱ ጥቂት ያካክሳል፤ ያም ሆኖ ማፈኛው በሺዎች እጥፍ ይበልጠዋል። ከበሮ በሚደለቅበት ሹክሹክታን እንደ መስማት ነው። በዚህ ሹክሹክታ ላይ ሠራዊት ማንጠልጠል ደግሞ ወኔ ይጠይቃል፤ ወኔው አላቸው።

ማፈኛ መቼም ባለጌ ነው፤ ሲመጣ ያስታውቃል፣ መቀበያውም «ምልክት የለም» ብሎ ይጮሃል። አሳሳች ምልክት ግን ጨዋ ነው። የሲቪሉ ኮድ አልተመሰጠረም፣ አሠራሩም በይፋ ታትሟል፤ ስለዚህ አስመስሎ መላክ ይቻላል። መቀበያው ጎላ ብሎ የሰማውን ይከተላል፣ ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብም ሳትንገዳገድ ትዋሻለች። በሰኔ 2017 (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጥቁር ባሕር ላይ ከ20 የሚበልጡ መርከቦች መቀበያቸውን ቢያዩ ሩሲያ ውስጥ ገሌንጂክ አየር ማረፊያ ቆመዋል። መርከብ ኤርፖርት ገባ! መርከበኛ መቼም በመስኮት ብቅ ብሎ ውሃ ላይ መሆኑን ያያል። ድሮን ብቅ የምትልበት መስኮት የላትም። ወታደራዊው ምልክት የተመሰጠረ ስለሆነ ማስመሰሉ ይከብዳል፤ መመስጠሩ ግን ከመታፈን አያድነውም። በጂፒኤስ የሚመራው ኤክስካሊበር የመድፍ ጥይት ዩክሬን ውስጥ የሩሲያ ማፈኛ ሲገጥመው ዒላማ የመምታት አቅሙ ክፉኛ አሽቆልቁሏል። ውድ ጥይት ነው፤ ሲስትም በክብር ነው።

«ቦታችንን በሌላ መንገድ እናውቃለን» የሚል ቢመጣ ደግሞ ሰዓቱ አለለት። ጂፒኤስ ዞሮ ዞሮ የሰማይ ሰዓት ነው። መቀበያው አራት ሳተላይት የሚፈልገው ሦስቱን ለቦታ፣ አራተኛውን የራሱን ሰዓት ለማረም ነው፤ 1 ማይክሮ ሰከንድ ስህተት 300 ሜትር ያህል ያስታል። ምስጢራዊ ሬዲዮዎች ሞገድ እየቀያየሩ የሚነጋገሩትም በተናበበ ሰዓት ነው። በጥር 2016 አሜሪካኖቹ አንድ ያረጀ ሳተላይት ጡረታ ሲያወጡ የምድር ሶፍትዌራቸው ተሳስቶ፣ የተወሰኑ ሳተላይቶች 13 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ የተዛባ የሰዓት መረጃ ለሰዓታት አሰራጩ። የቴሌኮም መሣሪያዎች የማስጠንቀቂያ ደወላቸውን አቀለጡት። ጠላት የሚባል በአካባቢው አልነበረም።

ለዚህ ሁሉ መጠባበቂያ ነበረ እኮ። ሎራን ይባላል። መሬት ላይ የቆመ ረጅም ማማ፣ 100 ኪሎ ኸርዝ ላይ የሚያገሳ፣ ለማፈን የራሱን የሚያህል ማሰራጫ የሚጠይቅ። አሜሪካ በ2010 ወጪ ለመቆጠብ ብላ ዘጋችው። ቆጣቢ ሰው መውደድ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ እርሻው። ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ይባል ነበር። መከሰሱ እንኳ ይቆይ፤ ሰማዩ ግን በሚሳይል ታርሷል። ቻይና በጥር 2007 የራሷን የአየር ጠባይ ሳተላይት 860 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መትታ ከ3,000 በላይ ክትትል የሚደረግባቸው ስብርባሪዎች ዘራች። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ እጅግ ስስ ስለሆነ ስብርባሪውን ጎትቶ ለማውረድ አሥርት ዓመታት ይፈጅበታል። አሜሪካ በ2008፣ ሕንድ በ2019 ዝቅ ባለ ከፍታ አረሱ። ዘውዱን የደፋችው ግን ሩሲያ ናት፤ በኅዳር 2021 የራሷን አሮጌ ሳተላይት ኮስሞስ 1408ን አፈንድታ 1,500 ያህል ስብርባሪ ስትበትን፣ ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውስጥ የነበሩት 7 ሰዎች ወደ መመለሻ መንኮራኩሮቻቸው ሮጠው ተጠለሉ። ከሰባቱ ሁለቱ የሩሲያ ጠፈርተኞች ነበሩ። በራስ ሰው ላይ እንዲህ ያለ አድልዎ የሌለበት ተኩስ የት ይገኛል? እዚያ ላይ ሁለት ነገር ቢላተም ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል፤ ስብርባሪም የወዳጅና የጠላት ባንዲራ አይለይም። የ1967ቱ የጠፈር ስምምነት ምሕዋር ላይ ኒውክሌር ማስቀመጥን ይከለክላል፤ ከምድር ተኩሶ የራስን ሳተላይት ማድቀቅን በግልጽ አይከለክልም። አዋቂዎች ናቸው፣ ሕጉን አንብበዋል።

ሚሳይል የሌለውም ቀረብኝ አይበል። የካቲት 24 ቀን 2022፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት ሌሊት፣ የኮምፒውተር ሰርጎ ገቦች ኢንተርኔት የምታቀርበውን የኬኤ-ሳት ሳተላይት ጫፏን ሳይነኩ ምድር ላይ ባለው የአስተዳደር ኔትወርክ ገቡና በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሞደሞችን ማስታወሻ ቋት ደመሰሱ። ጀርመን ውስጥ 5,800 የነፋስ ተርባይኖች ከርቀት መቆጣጠሪያቸው ጋር ተቆራረጡ። ሳተላይቷ ሰማይ ላይ ሆና ያለ ምንም ጭረት ዞረች፤ የሚሰማት ጠፋ እንጂ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይባል ደግሞ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አካዳሚ ትቶት የነበረውን በኮከብ የመጓዝ ትምህርት በ2015 መልሷል። ዕጩ መኮንኑ የኮከብን ከፍታ በማዕዘን የሚለካውን ሴክስታንት አንስቶ ኮከቡንና አድማሱን ያገናኛል፤ በማዕዘኑ አንድ ደቂቃ (የዲግሪ አንድ ስልሳኛ) ቢስት አንድ የባሕር ማይል ይስታል። ሰዓቱ በአራት ሰከንድ ከተዛባም ምድር ወገብ ላይ ያው አንድ ማይል ነው፤ ስለዚህ ሰዓቱ ትክክል መሆን አለበት። የዛሬ መርከብ ሰዓቱን በአብዛኛው የሚሞላው ከየት ነው? ከጂፒኤስ።