ዛሬ ብቻ ነው!

ሱቅ በር ላይ ቆሜያለሁ። የፈለግኩት ስድስት እንቁላል ነው። ከፊቴ አንዲት እናት አለች፤ ቀሚሷ ላይ የአራት ዓመት ልጅ ተንጠልጥሏል።

«ማስቲካ!»

«የለም፤ ትናንት በልተሃል።»

ልጁ ወዲያው አላለቀሰም። መጀመሪያ ዙሪያውን ቃኘ። ጭቃ የሌለበት ቦታ መረጠ። ከዚያ በጀርባው ተንጋለለና ለቀቀው። እናት ሁለቴ «እምቢ!» አለች። በሦስተኛው «በቃ እንካ፣ ዛሬ ብቻ ነው!» ባለሱቁም እንቁላሌን ትቶ ማስቲካ ፍለጋ ጎንበስ አለ።

ይህችን «ዛሬ ብቻ» ስኪነር የሚባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሰው አሳምሮ ያውቃታል። አይጧን ሳጥን ውስጥ ይከታታል፤ ብረቷን ስትጫን ምግብ ጠብ ይላል። በተጫነች ቁጥር ሲመጣላት የኖረ ምግብ ድንገት ከቀረ ቶሎ ትተወዋለች። አንዳንዴ እየመጣ አንዳንዴ ሲቀር የኖረ ከሆነ ግን፣ ጭራሽ ከቆመም በኋላ ብረቷን ስትደበድብ ትውላለች። እናትየዋ የከለከለችው መስሏታል። ጽናት እያስተማረችው ነው።

ከተረቶቻችን ሁሉ የምወደው «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የሚለውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1920 ዋትሰንና ሬይነር የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን ይህንኑ ለማወቅ አንድ ሕፃን አስቀመጡ። ልጁ ነጭ አይጥ አይፈራም ነበር። አይጧን ባሳዩት ቁጥር ከጀርባው ብረት በመዶሻ ያንጓጓሉ። ጥቂት ቆይቶ አይጧን ገና ሲያያት ማልቀስ ጀመረ። ቀጥሎ ጥንቸሉን ፈራ፤ ውሻውን፣ የፀጉር ካፖርቱን ሳይቀር። ፍርሃቱንም ሳያወጡለት ተለያዩ። ዋትሰን በኋላ ማስታወቂያ ሥራ ገባ፤ አልገረመኝም። እኛ እኮ ነገሩን በአራት ቃል ጨርሰነዋል፤ ማንንም ሕፃን ሳናስለቅስ።

ሕፃን ሳናስለቅስ አልኩ እንዴ? ቃሌን አንስቻለሁ።

ስድስተኛ ክፍል የሒሳብ ቲቸራችን ወገቡ ላይ የቁልፍ ዘለላ ነበረው፤ እጁ ላይ ደግሞ ጎማ። መጀመሪያ ቁልፉ ኮሪደሩ ላይ ይንቃጨላል፣ ቀጥሎ ጎማው መዳፋችን ላይ ያርፋል። ፓቭሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ ሳይንቲስት ውሾች ምግብ የሚያመጣላቸውን ሰው ገና ሲያዩ ምራቃቸው ይወርድ ነበር አሉ። እኛ ላባችን ነበር የሚወርደው። እነሱ በመጨረሻ ሥጋም ይደርሳቸዋል።

ዛሬ ጢሜ ሸብቷል። ባንክ ቤት ወረፋ ይዤ ዘበኛው ቁልፉን እያንቃጨለ ሲያልፍ ሁለቱም እጆቼ ሳላዛቸው ብብቴ ሥር ይገባሉ። አንድ ቀን ገንዘብ ቆጣሪዋ «ጋሼ፣ በረደዎት እንዴ?» አለችኝ።

ታዲያ የክፍል ጓደኞቼ ስንገናኝ «ሰው ያደረገን ያ ጎማ ነው» ይላሉ። ይህን ስሰማ ደሜ ይፈላል። እኔን ሰው ያደረገችኝ እናቴ ናት! የሰባት ብዜት ዛሬም ያደናግረኛል። ከዚያ ክፍል ይዤ የወጣሁት ትምህርት ቁልፍ መፍራት ነው፤ እሱን ደግሞ አንድም ቀን አልረሳሁትም።

ምን እያልኩ ነበር? አዎ፣ እንቁላል። ያን ቀን ሩብ ሰዓት ቆሜ ገዛሁ። በነጋታው ስሄድ እናትና ልጅ ከፊቴ ቀድመዋል። ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። መሬቱን ቃኘ። ጉልበቱን አጠፍ ማድረግ ሲጀምር እጄ ኪሴ ውስጥ ገብቶ ብር ይፈልጋል።