አለቃ ገብረ ሐናን ለማስታወቂያ አትጥሩብን

ሰሞኑን እዚህ ጎንደር ሊካሄድ በታሰበ አንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ሥራቸውን የሚያቀርቡ ደራስያን በምን መስፈርት እንደተመረጡ ሰማሁ። አንደኛው በማኅበራዊ ሚዲያ ያላቸው የተከታይ ብዛት ነው፤ ሁለተኛው «መድረክ የማሞቅ ችሎታ»። የጻፉት መጽሐፍ የመጣው በሦስተኛ ደረጃ ነው። ለምን ተብሎ ሲጠየቅ ከአዘጋጆቹ አንዱ የሰጠው መልስ ከመስፈርቱ ይብሳል፦ «አለቃ ገብረ ሐናም ዛሬ ቢኖሩ ቲክቶከር ነበሩ፤ ስማቸው እስካሁን የቆየው በጨዋታቸው ነው።»

ሌላ ከተማ ላይ ቢባል ሰምቼ አልፈው ነበር። የሊቃውንቱ ደብር በአታ ባለበት ከተማ ግን አይታለፍም።

አለቃ ገብረ ሐና ፎገራ ተወልደው ጎንደር ላይ ያስተማሩ ሊቅ ናቸው። ቅኔውንም ፍትሐ ነገሥቱንም አቋቋሙንም ያውቁታል። ዛሬ በየደብሩ መቋሚያ ይዘው የሚያሸበሽቡበት የተክሌ አቋቋም ምንጩ እሳቸው ናቸው። የጣና ደንገል በማዕበል ወዲያና ወዲህ ሲል አይተው ነው ስልቱን ያፈለቁት ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት አዲሱን ስልት አንቀበልም ሲሉ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው፤ መጠሪያውም የልጁ ስም ሆነ። ታዲያ ራስን ማስተዋወቁ የቱ ጋ ነው? የዕድሜውን ትልቅ ሥራ በልጁ ስም ሲጠራ የተወን ሰው የራስ አሻሻጮች አባት ማድረግ ድፍረት ነው!

ጨዋታውማ የጎዳቸው ነው። አገሩ የሰማውን ተረብ ሁሉ በእሳቸው ስም ለጠፈ፤ ከአፋቸው ያልወጣ ስንት ነገር «አለቃ እንዲህ አሉ» እየተባለ ይወራል። ፒያሳ ላይ አንድ ወጣት አስቁማችሁ ስለ አለቃ ጠይቁት። ቀልዱን እያከታተለ ይነግራችኋል፣ አቋቋሙን ግን አያነሣላችሁም። ቀልዱ ሊቁን ዋጠው። አዘጋጁ እንደ ስኬት የቆጠረልን ይህን ጥፋት ነው። ደግሞም ያ ለዛ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ዓመታት ጉባኤ ቤት የከረመ፣ ግእዙንም አማርኛውንም አብጠርጥሮ የሚያውቅ ሰው ለተናገሩት የሚሰጠው መልስ ነው። ጠዋት ተነሥቶ «ዛሬ ምን ብዬ ላይክ ልሰብስብ» ከሚል ሰው ጋር ምን ያገናኘዋል?

አዝማሪስ አይሉም? አዝማሪ እንግዳውን እንጂ ራሱን አያወድስም፤ «ተቀበል!» ሲሉት ደግሞ የሌላውን ግጥም ተቀብሎ ያዜማል። ባለቅኔውም መወድስ ቅኔውን ዘርፎ ሲጨርስ «ይበል!» የሚለው ጉባኤው ነው። ለራሱ ይበል ያለ ባለቅኔ አይቼም ሰምቼም አላውቅም። እኛ የወረስነው ሥርዓት ይህ ነው፤ ፍርዱ የሰሚው ነው። ዛሬ ግን ደራሲው ራሱ ጽፎ፣ ራሱ አድንቆ፣ ያላደነቀውን ደግሞ «ምቀኛ» ብሎ ይሳደባል።

በገዛ ገንዘቡ ያሳተመ ወጣት የመጽሐፉን ሽፋን ለጥፎ የት እንደሚሸጥ ቢናገር አልነቅፈውም፤ አዟሪ ብቻውን አያደርስለትም። ከዚያ አልፎ ግን ቀኑን ሙሉ ለተከታዮቹ ሲቀልድ የሚውል ሰው ማታ ሌላ ዓይነት ጸሐፊ ሆኖ አይቀመጥም። ዐረፍተ ነገሩ ያጥራል፣ ገጸ ባሕርዮቹ ሁሉ እንደሱ ተረበኛ ይሆናሉ፣ ምዕራፉ ሁሉ ሳቅ ላይ ያልቃል። መጽሐፍ ተብለው ገበያ ላይ የወጡትን የፌስቡክ ልጥፍ ጥራዞች ያየ ሰው ይህን አያጣውም። ዝም ብሎ የሚጽፈው ደግሞ አዘዞ ወይም ማራኪ ሰፈር፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ፣ ከተማው እንዳለ እንኳ ሳያውቀው ይቀራል። መስፈርቱ የዘጋው በር የእሱን ነው።

አዘጋጆቹን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። የመረጣችኋቸውን ደራስያን መጻሕፍት አንብባችኋል? ካነበባችሁ የትኛው ሥራ፣ በምን ብርታቱ እንዳስመረጣቸው በአደባባይ ንገሩን። ካላነበባችሁ የሥነ ጽሑፍን ስም ከማስታወቂያው ላይ አንሡና የቀልድ ምሽት በሉት፤ ትኬቱንም በዚያው ስም ሽጡት።