«እኔስ ሴት አይደለሁም?» ያለችው ሶጆርነር ትሩዝ ናት?

«ትሩዝ በ1851 (እ.ኤ.አ.) በአክሮን፣ ኦሃዮ ‹እኔስ ሴት አይደለሁም?› ብላ ጠየቀች» ያልከው መታረም አለበት። ትሩዝ ከባርነት ነፃ የወጣች አሜሪካዊት የሴቶች መብት ተሟጋች ናት። ንግግሩን ባደረገችበት የሴቶች መብት ስብሰባ የነበረው ጋዜጠኛ ማሪየስ ሮቢንሰን ወር ሳይሞላ ባሳተመው የንግግሩ ቅጂ ሐረጉ አንድም ቦታ የለም። የመጣው ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1863 ስብሰባውን የመራችው ፍራንሲስ ጌጅ ካወጣችው ቅጂ ነው። ጌጅ ትሩዝን በአሜሪካ ደቡብ ባሮች አነጋገር እንደተናገረች አድርጋ ጻፈች፤ ትሩዝ ግን የኒውዮርክ ተወላጅ ናት፣ አፏን የፈታችውም በደች ቋንቋ ነው። በጌጅ ቅጂ የትሩዝ 5 ልጆችም 13 ሆነዋል! ጸሐፊዋ ቤል ሁክስ በ1981 ሐረጉን የመጽሐፏ ርዕስ ማድረጓ ዝናውን አሰፋው እንጂ ምንጩን አያረጋግጥም። ስትጠቅስ «በጌጅ ቅጂ» በል። ለክርክር ግን የሮቢንሰኑ ይሻላል፤ አርሻለሁ፣ አጭጃለሁ፣ ከዚህ በላይ የሚሠራ ወንድ አለ ወይ ስትል እዚያም ትሞግታለች።