ፎሊክ አሲዱ ከሠርጉ በፊት ይድረስ

ወሎ ውስጥ ለነፍሰ ጡር መካሪ ጠፍቶባት አያውቅም። ጎረቤቱ ሁሉ «ምስር ብዪ፣ ጎመን ብዪ» ይላታል፤ ጤና ጣቢያ ስትሄድም የብረትና የፎሊክ አሲድ እንክብል ይሰጣታል። ምክሩም እንክብሉም ደግ ነው። ግን ብዙውን ጊዜ የሚደርሷት ሆዷ ከገፋ በኋላ ነው።

ፎሊክ አሲድ ቫይታሚን ቢ9 ነው። ለደም መመረት ያስፈልጋል። ከሁሉም በላይ ግን የፅንሱ አንጎልና ኅብለ ሰረሰር የሚሠሩበት ቱቦ በደንብ እንዲገጥም ይረዳል። ቱቦው የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፤ ያን ጊዜ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አላወቀችም። ሳይገጥም ከቀረ ልጁ ጀርባው ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ ሲከፋም አንጎሉ ሳይሟላ ይቀራል። በ1991 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ ተመራማሪዎች መሪነት የወጣ ጥናት፣ እንዲህ ያለ ልጅ የገጠማቸው እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ፎሊክ አሲድ ሲጀምሩ ችግሩ የመደገሙ ዕድል በ72 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

«ሽሯችንና ምስራችን አይበቃም ወይ?» የሚል ይኖራል። የደላንታ ምስርና ባቄላ በእርግጥም ቫይታሚኑ የሞላበት ነው፤ አንድ ኩባያ የበሰለ ምስር 350 ማይክሮግራም ገደማ ይይዛል። ሰውነት ግን ከምግብ የሚያገኘውን እንደ እንክብሉ አሟልቶ አይወስደውም። ጎመኑንማ ቀቅለን፣ በእጃችን ጨምቀን፣ አረንጓዴውን ውሃ እንደፋዋለን፤ በውሃ የሚሟሟው ቫይታሚንም አብሮ ይፈስሳል። (ውሃውን ለወጥ ማስቀረት የሚከብድ አይመስለኝም፤ የባለሙያ ሴቶች ቁጣ ግን ያስፈራኛል።) በፋብሪካ ዱቄት ውስጥ ይጨመር የሚለውም መልካም ሐሳብ ነው፤ የቆቦን ማሽላ በሰፈር ወፍጮ ለሚያስፈጭ ቤት ግን አይደርስም።

እንግዲህ በየቀኑ የሚወሰደው 400 ማይክሮግራም ከእርግዝናው መቅደም አለበት። መንገዱም ተጠርጓል፦ ብዙ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ከጋብቻ በፊት የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ይጠይቃሉ። ሙሽሪት ለዚያ ጤና ጣቢያ ስትመጣ እንክብሉን ይዛ ብትመለስ ማን ይጎዳል? የወለደችዋም «ሌላ ልጅ አምሮኛል፣ መርፌውን ላቁም» ብላ ጤና ኬላ ስትመጣ ያኔውኑ ይሰጣት፤ እርግዝናው ሦስት ወር እስኪሞላውም አታቋርጥ። ቀድሞ ጀርባው ክፍት የሆነ ልጅ የወለደች ግን የሚያስፈልጋት መጠን በጣም ከፍ ስለሚል ሐኪም ይዘዝላት።