ሲሄድ ባንዳ፣ ሲለወጥ ቢዝነስ

ዜናው የደረሰን እሁድ ጠዋት፣ ሁለት ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። አራት ኪሎ፣ ሜዳው ዳር ተቀምጠን የጫማ ክር እያሰርን ነበር። ከቅዳሴ የሚመለሱ እናቶች ነጠላቸውን እያስተካከሉ በአጠገባችን ያልፋሉ። አንዱ ጓደኛችን ስልኩን አየና ዝም አለ። ለሚቀጥለው አቀበለው። እሱም ዝም አለ። ሦስተኛው ጋ ሲደርስ ነው «ሻምስን ሃክ አድርገውታል!» የሚል ጩኸት የወጣው።

የአሜሪካውን የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ የኤንቢኤን፣ ዜና ቀድሞ የሚያወጣው ጋዜጠኛ ሻምስ ቻራኒያ ሃክ አልተደረገም። ሉካ ዶንቺች ከዳላስ ማቭሪክስ ወደ ሎስ አንጀለስ ሌከርስ፣ አንቶኒ ዴቪስ ደግሞ ከሌከርስ ወደ ዳላስ። ቀኑ ጥር 25 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው። ዳላስ ውስጥ ገና ቅዳሜ ሌሊት ነበር። (ከዚህ በኋላ ያሉትን ዓመቶች በፈረንጆቹ ልጻፍ፣ ሊጉ የነሱ ነውና።)

የሜዳው ጥበቃ ጋሼ ፊታችንን አይተው ቀረብ አሉ።

«ምን ሆናችኋል? ሰው ሞተ እንዴ?»

«አይ ጋሼ፣ ተጫዋች ተዛውሮ ነው።»

«በስንት ተሸጠ?»

«አልተሸጠም። በሌላ ተጫዋች ነው የለወጡት።»

«ሰው በሰው?»

«አዎ።»

«ልጁ እሺ ብሎ?»

«ኧረ አልጠየቁትም ጋሼ።»

«እናንተ ደግሞ ማሾፍ ትወዳላችሁ» ብለው ጥለውን ሄዱ። እስከ ዛሬ ሙድ የያዝንባቸው ይመስላቸዋል።

በጋሼ አልፈርድም። በእግር ኳስ ላደገ ሰው ነገሩ ግራ ነው። ሉዊስ ፊጎ በ2000 ከባርሴሎና ወደ ሪያል ማድሪድ ሲሄድ የካታሎኒያ ሰው ጥርሱን ነክሶበታል። ግን ፊጎ የሄደው በገዛ እጁ ፈርሞ ነው። እሺ ባይል ያ ሁሉ ገንዘብ ንቅንቅ አያደርገውም ነበር። ኤንቢኤ ውስጥ ግን የሚዛወረው ውሉ ነው። ተጫዋቹ ውሉን ተከትሎ ሻንጣውን ያነሳል። «ያለ ፈቃዴ አልዛወርም» የሚል አንቀጽ በውላቸው ላይ ያስጻፉ ተጫዋቾች በዚያ የውድድር ዘመን በመላው ሊግ ሁለት ብቻ ነበሩ፤ ሌብሮን ጄምስ እና ብራድሊ ቢል።

ወደ ሊጉ አገባቡም ያው ነው። ድራፍት የሚሉት ነገር፣ ቡድኖች አዲስ ተጫዋቾችን በየተራ የሚመርጡበት፣ ለኛ አገር ሰው አዲስ አይደለም። የዩኒቨርሲቲ ምደባ ማለት ነው፤ ያውም ምርጫ ሳትሞላ። ጎበዝ በሆንክ ቁጥር የመጨረሻ ደካማው ቡድን ጋ የመመደብ ዕድልህ ይሰፋል። ሉካ ራሱ በ2018 በሦስተኛ ምርጫ ለአትላንታ ደርሶ በዚያው ምሽት ነው ለዳላስ የተሰጠው። ልጁ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በለውጥ ነው የኖረው።

ያን ቀን ጨዋታው አልሆነልንም። ኳስ የያዘው ሁሉ ቆሞ ያወራል። በመጨረሻ ተነስተን ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ላይ ካለች ካፌ ገባን። የሌከርስ ደጋፊው ጓደኛችን ደረቱን ነፍቶ «ዛሬ ሁሉም በኔ ነው» አለ። አምስት ማኪያቶ አዘዘ። ይሄ ሰው ሳንቲም ሲያወጣ ያየሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

እኔ ግን አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በ2016 ኬቨን ዱራንት ወደ ጎልደን ስቴት ሲሄድ ይኸው ሰው «ባንዳ!» ብሎ ጠረጴዛ ደብድቧል። ባንዳ በኛ ቋንቋ ቀላል ስድብ አይደለም። ጠየቅኩት። ዱራንት ከጠንካራ ቡድን ጋር ሲደመር ባንዳ ከሆነ፣ ሉካ ከሌከርሱ ሌብሮን ጋር ሲደመር ምን ይባላል?

«አይገናኝም» አለ፣ አረፋውን በማንኪያ እየላሰ። «ያኛው ራሱ ሄደ። ሉካን ግን አመጡት። ይሄ ቢዝነስ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ ያለው ሁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እኔን ያበሸቀኝ ይሄ ነው። ቅርጫት ኳስ ወዳጅ በተሰበሰበበት ሁሉ የምሰማው ክርክር መጨረሻው ይኸው ነው። ተጫዋቹ ውሉን ጨርሶ፣ ማንንም ሳይበድል፣ የሚሠራበትን ቦታ ሲመርጥ ከሃዲ ነው። አለቃው ተጫዋቹን በሌሊት አሳልፎ ሲሰጥ ግን ቢዝነስ ነው። ታማኝነት የሚባለውን ዕዳ የምንጽፈው በአንድ ወገን ብቻ ነው።

ሁለት ልጆችን ጎን ለጎን አስቀምጡልኝ። ሁለቱም 25 ዓመታቸው ነው። አንዱ ለክለቡ ሰባት የውድድር ዘመን ተጫውቷል። ሌላው ሰባተኛውን እየተጫወተ ነበር።

የመጀመሪያው የ2010 ሌብሮን ነው። በ2003 ክሊቭላንድ ደረሰው፣ ምደባውን ጨረሰ፣ ውሉ አለቀ፣ ከድዌይን ዌድ እና ከክሪስ ቦሽ ጋር ሊጫወት ማያሚ ሄደ። ውሳኔውን በቴሌቪዥን ዝግጅት ማሳወቁ ጉራ ነበር፤ እሱን አልከላከልለትም። ግን የሆነውን እናውቃለን። ማልያው መንገድ ላይ ተቃጠለ። የክለቡ ባለቤት ዳን ጊልበርት ክህደት ነው ብሎ ደብዳቤ አወጣ። ከሌብሮን በፊት ዋንጫ የምናነሳው እኛ ነን ብሎም ፎከረ። ሌብሮን በ2012 እና በ2013 አነሳ። ክሊቭላንድ ያነሳው በ2016 ነው፣ ያውም «ከሃዲው» ተመልሶ መጥቶ አንስቶለት።

ሁለተኛው ሉካ ነው። በ2024 ዳላስን እስከ ፍጻሜ አድርሷል። ወራት አልፈው ነው የተሰጠው። ዋና ሥራ አስኪያጁ ኒኮ ሃሪሰን ዋንጫ የሚገኘው በመከላከል ነው የሚል ምክንያት አቀረበ። ሉካ በዳላስ ቢቆይ አምስት ዓመት፣ ወደ 345 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ውል መፈረም ይችል ነበር። ሲዛወር ያ ዕድል ተዘጋ። (የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆመን ለሚሊየነር የምናዝን ጉዶች ነን፣ አውቃለሁ።)

የዳላስ ደጋፊዎችን ግን አደንቃለሁ። ንዴታቸውን ወደ ትክክለኛው ሰው ነው ያዞሩት። ለአንድ ክለብ ብቻ 21 የውድድር ዘመን በተጫወተው በዲርክ ኖቪትስኪ ሐውልት ሥር የሬሳ ሣጥን አምጥተው አለቀሱ። አዳራሹ ውስጥ ሥራ አስኪያጁ ይባረር እያሉ ጮሁ፤ በኖቬምበር 2025 ተባረረ። ዴቪስ በመጀመሪያ ጨዋታው ተጎዳ። ከዚያ ደግሞ ያ ሁሉ መዓት በወረደበት ዓመት፣ ዳላስ 1.8 በመቶ ብቻ ዕድል ይዞ የድራፍቱ የአንደኛ ምርጫ ዕጣ ወጣለትና የዓመቱን ትልቅ ተስፋ ኩፐር ፍላግን ወሰደ። እቁብ ላይ እንዲህ ያለ ዕጣ ቢወጣ ዳኛው ሰፈር ይለቅ ነበር።

ሉካ ኤፕሪል 2025 ዳላስ ሲመለስ ያየሁት ሌሊት ነው፤ ቤተሰብ ተኝቶ፣ ድምፁን አጥፍቼ። ከጨዋታው በፊት የድሮ ቪዲዮውን አሳዩት። ወንበር ላይ ተቀምጦ በፎጣ ፊቱን ጠረገ። ላብ አይደለም፣ ጨዋታው ገና አልተጀመረም። ከዚያ ተነስቶ 45 ነጥብ አስቆጠረ። ከዚያ ሌሊት በኋላ «ቢዝነስ ነው» የሚለውን ቃል ስሰማ ያ ፎጣ ነው ፊቴ የሚመጣው።

ሉካ ኮከብ ስለሆነ ሁሉም አየለት። የአይዛያ ቶማስን ማን ያስታውሳል? ኤፕሪል 2017 እህቱ በመኪና አደጋ ሞተች። በማግስቱ ለቦስተን ተሰልፎ 33 ነጥብ አገባ። በልደቷ ቀን 53 አስቆጠረ። የተጎዳ ዳሌውን እየጎተተ ነው የተጫወተው። ኦገስት ላይ ቦስተን በካይሪ ኧርቪንግ ለወጠው። ዳሌው ከዚያ በኋላ አልዳነለትም፣ ያን ተጫዋችም ዳግመኛ አላየነውም። ያኔ ቦስተንን ባንዳ ያለ ሰው አልሰማሁም። ኬቨን ጋርኔትስ? ሚኒሶታ ውስጥ 12 ዓመት ያለ ዋንጫ ቆየ። ቦስተን በገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ በ2008፣ አነሳ። ለታማኝነቱ ሚኒሶታ ምን ሰጠው?

አሁን ወደ ትልቁ ተቃውሞ ልምጣ። «እሺ፣ መብታቸው ነው፤ ግን ኮከቦች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ሊጉ ይበላሻል» ይሉኛል። የሚበላሽ ቢሆን ኖሮ እስማማ ነበር። ግን ስንቱ ስብስብ ነው ያሸነፈው?

ነገሩ ከሌብሮን አልጀመረም። በ1968 ሌከርስ ጄሪ ዌስት እና ኤልጂን ቤይለር እያሉት ዊልት ቻምበርሊንን ጨመረ። በ1969 ፍጻሜ ሰባተኛው ጨዋታ በራሱ አዳራሽ ነበር። የክለቡ ባለቤት ለድሉ ብሎ ጣሪያው ላይ ፊኛ ሰቅሎ ጠበቀ። ቦስተን አሸነፈ። ፊኛው እንደተሰቀለ ቀረ። በ2004 ይኸው ሌከርስ ሻክ እና ኮቢ ላይ ካርል ማሎንን እና ጋሪ ፔይተንን ደርቦ በዲትሮይት 4 ለ 1 ተሸነፈ። ብሩክሊን ዱራንትን፣ ሃርደንን እና ካይሪን ሰበሰበ። ሦስቱ ጥሎ ማለፉም ተቆጥሮ አብረው የተሰለፉት 16 ጨዋታ ብቻ ነው። አንዱ ሲድን አንዱ ይታመማል፣ አንዱ የኮቪድ ክትባት አልወጋም ይላል። ፊኒክስ ዱራንት፣ ቡከር እና ቢልን ይዞ በ2024 በመጀመሪያው ዙር 4 ለ 0 ተባረረ። በቀጣዩ ዓመት ጭራሽ ወደ ጥሎ ማለፉም አልገባ።

የኔ ተወዳጅ ግን የሌላው የሎስ አንጀለስ ቡድን፣ የክሊፐርስ ታሪክ ነው። በ2019 ካዋይ ሌናርድ ፖል ጆርጅን አምጡልኝ አለ። ክሊፐርስ አምስት የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ምርጫዎችን እና ሼይ ጊልጀስ አሌክሳንደር የሚባል ልጅ ለኦክላሆማ ሰጠ። ኦክላሆማ ከነዚያ ምርጫዎች በአንዱ ጄለን ዊሊያምስን አወጣ። በ2025 ዋንጫውን ያነሱት ሼይ እና ጄለን ናቸው። ክሊፐርስ እስከዛሬ የፍጻሜ ደጃፍ አልረገጠም። ይህን ስነግረው የሌከርስ ደጋፊው በሳቅ ማኪያቶው ሊያፈነው ነበር። ጎረቤት ሲወድቅ ደስ የማይለው ማን አለ?

በዱራንት ግን እጅ እሰጣለሁ። ጎልደን ስቴት በ2016 73 ጨዋታ ያሸነፈ ቡድን ነው። ዱራንት የነበረበትን ኦክላሆማን ራሱን 3 ለ 1 ተመርቶ ነው ያሸነፈው። ዱራንት ደግሞ እሱኑ ያሸነፈውን ቡድን ተቀላቀለ። በ2017 ጥሎ ማለፉን 16 ለ 1 ጨረሱት። ለዚያ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መነሳት የዋህነት ነበር፤ እኔም ተነስቻለሁ። አሰልቺ ነበር። ግን አሰልቺ እና ክህደት ለየቅል ናቸው። ደግሞም ከ2023 ወዲህ ደንቡ ጠብቋል። የደመወዝ ወጪው ሊጉ ያስቀመጠውን ሁለተኛ ጣሪያ ያለፈ ቡድን የሁለት ተጫዋች ደመወዝ ደምሮ አንድ ኮከብ በልውውጥ ማምጣት አይችልም። ሌላ ጎልደን ስቴት የሚፈራ ሰው ይተኛ።

የኛን ሜዳ ነገር ልንገራችሁና ላብቃ። ከመካከላችን አንዱ የካዛንቺስ ልጅ ነው። ሰፈሩ በልማት ሲነሳ ቤተሰቡ ከከተማው ዳር ገባ። አሁን እሁድ እሁድ ሁለት ታክሲ ይዞ ነው የሚመጣው። እዚያው አዲሱ ሰፈር ቅዳሜ ከሚጫወት ቡድን ጋር መልመዱን ሲሰሙ ልጆቹ ባንዳ ይሉታል፣ እየሳቁ። እሱ የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፦ «ለምን ሄድክ የምትሉኝ፣ መኪናው ዕቃ ሲጭን የት ነበራችሁ?»

ባለፈው እሁድ ከአዲሱ ሰፈር ሁለት ረጃጅም ልጆች ይዞ መጣ። ሦስት ለሦስት ነው የምንጫወተው፤ ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ይወጣል። «እኛ ሦስታችን አንድ ላይ ነን» አለ። ይሄን ሁሉ ስከራከር የከረምኩ ሰው ነኝና ምን ልበል? መብታቸው ነው አልኩ። የመጀመሪያውን አሸነፉ። ሁለተኛውን አሸነፉ። ሦስተኛው ላይ የኔ ቡድን ገባ፤ 11 ለ 2። ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። አራተኛውንም ሲያሸንፉ ፀሐዩ ከርሯል፣ ውሃዬ አልቋል፣ ተራ ገና ሁለት ቡድን ይቀረኛል።

«ይከፋፈሉ እንጂ! ምንድን ነው ይሄ?» ብሎ መጀመሪያ የጮኸው እኔ ነኝ።